ከጥራጊ ላይ የተነሣ ስም

ባለፈው ዓመት በጳጉሜን ልጄ መርሳ ከተማ ወዳለው ቤቷ አስጠርታኝ የትምህርት ቤት ቅጽ ፊቴ ላይ ዘረጋችልኝ።

«እማዬ፣ አንቺ ሙዪው። የእጅ ጽሕፈትሽ ያምራል።»

ጽሕፈቴ የሚያምረው ጡረታ እስክወጣ ድረስ ወልድያ ውስጥ በአንድ ትምህርት ቤት መዝገብ ቤት ስለ ሠራሁ ነው። ሥራዬ የልጆችን ስም መጻፍ ነበር። የተማሪው ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም፣ የትውልድ ዘመን፣ ቀበሌ። እንዲህ ያለውን ቅጽ ዓይኔን ጨፍኜ እሞላዋለሁ። የልጅቱን አባትና አያት ጻፍኩ፣ እናቷን ጻፍኩ፣ ቀበሌውን ጻፍኩ። የመጀመሪያውን መስመር ግን ዘልዬው ነበር። ወደ እሱ ስመለስ እስክሪብቶውን አስቀመጥኩት።

«ምነው ቆምሽ?» አለች ልጄ።

«መነጽሬ ደብዝዞብኝ ነው።»

መነጽሬ ምንም አልሆነም፤ ፈርቼ ነው። የልጅ ልጄ ሰባት ዓመት ሞልቷት አንደኛ ክፍል ልትገባ ነው። ከተወለደች ጀምሮ በቤትም በሰፈርም የምትጠራበት ስም ጥራጊ ነው። ቤት ሲጠረግ ደጅ የሚደፋው፣ ያው ጥራጊ። መዋዕለ ሕፃናት ስትውል መምህሯ ሁሉንም ሴት ልጅ «ሚሚ» ስለሚሉ ነገሩ ሳይነሣ አለፈ። የክትባት ካርዷ ላይ «ሕፃን» ተብሎ የአባቷ ስም ብቻ ተጽፏል። የልደት ካርድም ገና አልወጣላትም። የክርስትና ስም አላት፤ እሱ ግን ለቤተ ክርስቲያን እንጂ ለስም ጥሪ አይሆንም። ስለዚህ ያ መስመር እስከዚያ ቀን ድረስ በማንኛውም ወረቀት ላይ ባዶ ነበር ማለት ነው።

ስሟን እንዴት እንዳገኘች ልናገር።

ልጄ ከእሷ በፊት ሁለት ቀብራለች። የመጀመሪያው በተወለደበት ዕለት፣ ሁለተኛዋ በአራት ወሯ በሳል። ሦስተኛዋ ስትወለድ የባሏ እናት ከደጋው ከጉባ ላፍቶ ወረዱ። ጠንካራ ገበሬ ሴት ናቸው፤ ንግግራቸው አጭር ነው። ገና ጋቢያቸውን ሳያወልቁ፣ «ይህችኛዋን እንደ ወጉ እናደርጋታለን» አሉ።

ልጄ የላብራቶሪ ባለሙያ ናት። ቀኑን ሙሉ የሰው ደም በመስታወት ላይ እያየች ትውላለች። እንዲህ ያለ ነገር አትቀበልም ብዬ ጠበቅኩ። እሷ ግን ሕፃኗን አቅፋ አንዴ እኔን አንዴ አማቷን አየችና፣ «እሺ፣ አድርጉት» አለች። ድምፅዋ የእሷ አይመስልም ነበር።

በማግስቱ ጠዋት አማቷ ቤቱን ከጓዳ እስከ ደጅ ጠረጉ። ጥራጊውን በራፉ ላይ ከመሩት፤ በነጠላ የተጠቀለለችውን ልጅ በላዩ አስተኟትና በሩን ከውስጥ ዘጉት። እኛ ከውስጥ ቆመን እናዳምጣለን። ልጄ የነጠላዋን ጫፍ ነክሳለች፤ «ልጄ» የሚል ቃል ከአፏ መውጣት የለበትም።

እንደ ተነጋገርነው በሰዓቱ የምትመጣው ከአጥር ማዶ ያለችው ጎረቤታችን ነበረች። በአስፋልቱ ዳር ብርቱካንና ማንጎ የምትሸጥ፣ ድምፅዋ ከሩቅ የሚሰማ ሙስሊም ሴት ናት። ኮቴዋ ደርሶ ቆመ።

«እናንተ ቤቶች! እዚህ ጥራጊ ላይ የወደቀው ምንድነው?»

አማቷ ከውስጥ መለሱ፤ «ጥራጊ ነው! ደፍተነው ነው።»

«አትፈልጉትም?»

«ምን ያደርግልናል!»

«እንግዲያው እኔ እገዛዋለሁ።»

በሩ በስሱ ተከፈተና እጇ ገባ። አንድ ጭብጥ ማሽላ ነበር የያዘችው። አማቷ ማሽላውን በሁለት እጃቸው ተቀበሉ። ከዚያ ጎረቤታችን «ቢስሚላህ» ብላ ሕፃኗን አነሣቻትና ገባች፤ ልጄንም፣ «አንቺ ሴት፣ ጡት አለሽ አሉ። ይህችን ልጄን አጥቢልኝ» አለቻት። ልጄ ተቀበለቻት። እንግዲህ ልጅቱ የሌላ ሰው ሆነች። ሞት ይህችን እናት ፈልጎ ቢመጣ ልጅ የላትም፤ ያላት የሰው አደራ ነው። ወጉ እንዲህ ነው።

ስም የሚያወጣውም የገዛው ሰው ነው። ጎረቤታችን ወደ ልጄ አማት ዞር ብላ፣ «ማን ልበላት?» አለች።

«ጥራጊ በያት። ከዚህ የባሰ ሞት የሚጠየፈው ስም አላውቅም።»

እኔ ክው አልኩ። ያንን ስም የሰማሁት ከሃምሳ ዓመት በላይ ቆይቼ ነው። እስከ አሥራ አራት ዓመቴ ድረስ የእኔ ስም ነበር።

ይህንን ልጄ አታውቅም። ባሌም ሳያውቅ ነው የሞተው።

የተወለድኩት ግራና ከምትባል የቆላ ቦታ አጠገብ ነው። ከእኔ በፊት ሦስት ሞተዋል። እናቴ እንደዚያው በጥራጊ ላይ አስተኛችኝ፣ አንዲት ሙስሊም ጎረቤታችን በጭብጥ እህል ገዛችኝና ጥራጊ ብላ አወጣችልኝ። ከእኔ በኋላ የተወለዱት ሁሉ በሕይወት ስለቆዩ ስሜ በቤታችን የተከበረ ነበር። እናቴ ስትጠራኝ እንደ ጸሎት ነበር የምትጠራኝ። የገዛችኝ ሴት ደግሞ ባየችኝ ቁጥር «ጥራጊዬ፣ የእኔ ንብረት!» እያለች ጉንጬን ትስመኛለች። ክፉ ስም መሆኑን ያወቅኩት ትምህርት ቤት ስገባ ነው።

ስም ጥሪ ነበር። መምህሩ ስሜን ሲጠራ ከኋላ አንዱ ልጅ፣ «ጥራጊ መጣች፣ መጥረጊያ አምጡ!» አለ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። መምህሩ «ዝም በሉ!» አለ፤ ግን እሱም ከንፈሩን እየነከሰ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ መጥረጊያው ወንበሬ ላይ ይጠብቀኛል። ክፍል የሚጠርገው ተረኛ ማንም ይሁን ማን፣ ሲጨርስ ቁሻሻውን እግሬ ሥር ገፍቶ፣ «ዘመዶችሽ መጡ» ይለኛል። ሴቶቹ አብረውኝ ሲሄዱ ነጠላቸውን ሰብሰብ ያደርጋሉ፤ እንዳልነካቸው እየቀለዱ ነው። ስምንት ዓመት ሙሉ እንዲህ ነበር። ለእናቴ አልነገርኳትም። ያንን ስም የሰጠችኝ ልታኖረኝ ብላ ነው፤ ምን ብዬ ልንገራት?

ስምንተኛ ክፍል ለሚኒስትሪ ፈተና ቅጽ ስንሞላ መምህሩ፣ «ስማችሁን አስተካክላችሁ ጻፉ። ከዚህ በኋላ አይቀየርም» አለን። ማንም አላየኝም። ሌላ ስም ጻፍኩ። ያኔ ብዙ ሴት ልጆች የሚጠሩበት፣ ማንንም የማያስቅ ስም ነው። በዚያ ስም ተፈተንኩ፣ በዚያ ስም አለፍኩ፣ እስከ ዛሬም በዚያ ስም አለሁ።

እናቴ የሰማችው ውጤት ሲመጣ ነው። ሰው እንኳን ደስ ያለሽ ሲላት የማን ስም እንደሆነ ግራ ገባት። እስኪመሽ አልጠበቀችም፤ በር ላይ አቁማ ጠየቀችኝ።

«ያሳደገሽ ስም ምን አደረገሽ?»

«ይስቁብኛል።»

«የገዛችሽን ሴት ጠይቀሻታል?»

«አልጠየቅኋትም።»

እጇን አፏ ላይ ጫነች።

በጥቅምት ታናሽ እህቴ ታመመች። ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። በሦስተኛው ቀን ሞተች። እናቴ ስለ ስሙ አንዲት ቃል አልተነፈሰችም፤ እስክትሞት ድረስ አልተነፈሰችም። ብትናገረኝ ይሻለኝ ነበር። የገዛችኝ ሴት ለለቅሶ መጥታ ከእናቴ ጎን ተቀመጠች። ስታየኝ፣ «ጥራጊዬ፣ አብሽሪ፣ አይዞሽ» አለችኝ። «አቤት» ማለት አቃተኝ። ከዚያ፣ ትምህርት ከተጀመረ በኋላ ዘግይቼ፣ ለዘጠነኛ ክፍል ወልድያ ወጣሁ። ክረምት ክረምት ስመለስ ደጇን ሳላልፍ በሌላ መንገድ እዞር ነበር። አንድ ዓመት ስመለስ ሞታለች።

ይህ ሁሉ በልቤ እያለ ነው የልጅ ልጄ ጥራጊ ስትባል ዝም ያልኩት። መቃወም እችል ነበር። አንድ ቃል ብናገር ልጄ ትሰማኝ ነበር። ግን ሕፃኗን አየሁ፤ ደረቷ ከፍ ዝቅ ይላል። ይሳቅባት፣ ብቻ ይኼ ደረት አይቁም አልኩ በልቤ።

ደረቷም አልቆመም። ዳዴ አለች፣ ቆመች፣ ሮጠች። ጦርነቱ መርሳ ደርሶ በእግር ከቤት በወጣንበት ጊዜ እንኳ በእናቷ ጀርባ ላይ ሆና ሌሎች ልጆች ሲታመሙ እሷ አላስነጠሳትም። የልጄ አማት፣ «አላልኳችሁም?» አሉ። ማንም አልተከራከራቸውም።

እንግዲህ ያ መስመር ባዶ ሆኖ ጠረጴዛው ላይ ያለው በዚህ ምክንያት ነው።

የልጅቱ አባት ከሥራ ገብቶ ቅጹን አየ። መኪና ጠጋኝ ነው፤ ደግ ሰው ነው፤ ቁጣው ቶሎ ይመጣል ቶሎ ይሄዳል።

«በዚህ ስምማ አላስመዘግባትም። እኔን ጋራዥ ውስጥ ‹የጥራጊ አባት፣ ወለሉን አጽዳ› እያሉ የሚቀልዱብኝ ይበቃል። እኔ ትልቅ ሰው ነኝ፣ መልሼ እሰድባቸዋለሁ። እሷ ምን ትላለች?»

«እናትህስ?» አለች ልጄ።

ስልክ ደወለላቸው። ድምፃቸው ያለ ድምፅ ማጉያ ክፍሉን ሞላው። «ስሟን ከነካችሁ መጀመሪያ እኔን ቅበሩኝ! ሰባት ዓመት ያኖራትን ነገር ለሳቅ ብላችሁ ታወልቁታላችሁ? ይሳቁ! የሳቀ ሁሉ ጥርሱ ያልቃል!»

ስልኩን አስቀምጦ ወደ እኔ ዞረ። «እትዬ፣ እርስዎ ዕድሜዎን ከተማሪ ጋር ነው ያሳለፉት። እርስዎ ያሉትን እንሰማለን።»

ሰባት ዓመት ሙሉ ስሸሸው የነበረው ነገር ይኼ ነበር። ስሙን ጻፊው ቢሉኝ፣ ያ መጥረጊያ ወንበሯ ላይ ሲጠብቃት ይታየኛል። ቀይሪው ቢሉኝ፣ እህቴ ትታየኛለች፤ ያውም ጊዜው ያው ነው፤ መስከረም ሊጠባ ነው፣ ዝናቡ ሲያቆም ወባ የሚነሣበት። መዝገብ ቤት በሠራሁበት ዘመን ሁሉ እንዲህ ያለ ስም የያዘ ልጅ ሲመጣ ጽፌ አሳልፈዋለሁ፤ ወላጁን ቀና ብዬ አላየውም ነበር። ለምን እንደ ሰጡት አውቃለሁ፤ ልጁን ምን እንደሚጠብቀውም አውቃለሁ። አንድ ቀን እንኳ ለአንዱም ምንም አላልኩም።

ከባሌ እንኳ የደበቅኩትን የራሴን ነገር እንደ ደበቅኩ ምክር መስጠት አልቻልኩም። ነገርኳቸው። ከጥራጊው ጀምሬ እስከ እህቴ ድረስ። ረጅም አልነበረም።

ልጄ ሥራ ላይ በምትናገርበት ድምፅ ጠየቀችኝ።

«እህትሽ ትኩሳት ነበራት?»

«ነበራት።»

«ብርድ ብርድ ይላት ነበር? ታስመልስ ነበር?»

«አዎ።»

«እማዬ፣ ወባ ነው። ግራና፣ ጥቅምት፣ የዘጠኝ ዓመት ልጅ። ወባ ነው እኮ።»

«አውቃለሁ» አልኳት። «ያኔም አውቅ ነበር። ያን ሳምንት በሰፈራችን ሌሎችም ሞተዋል።»

«ታዲያ?»

ሕፃኗ ጥራጊ ላይ ስትተኛ እሷም ከእኔ ጋር ከበሩ ኋላ ቆማ ነበር።

በመጨረሻ የልጅቱ አባት፣ «ስሙን የሰጠችው ጎረቤታችን ናት። ካወለቅነው እሷ ታውልቀው» አለ። እኔ በአሥራ አራት ዓመቴ ያላደረግኩት ነገር እሱ ነበር። እናቴ የጠየቀችኝም እሱን ብቻ ነበር።

በማግስቱ አንድ ጭብጥ ማሽላ በመሐረብ ቋጥሬ፣ ልጅቱን በእጄ ይዤ አጥሩን ዞርኩ። ጎረቤታችን ግቢዋ ውስጥ ብርቱካን ትመርጣለች፤ የበሰበሰውን ወደ ግራ፣ ደህናውን ወደ ቀኝ። ዶሮዎቿ ሥሯ ይርመሰመሳሉ።

«ይግቡ፣ ይግቡ! አንቱ ደግሞ ከወልድያ መቼ ወረዱ? ጥራጊ፣ ነይ ሳሚኝ!»

ልጅቱ ሮጣ ሄደች። እኔ መሐረቡን ፈትቼ ያመጣሁበትን ነገርኳት። ፊቷ ተለወጠ፤ ልጅቱን ሳብ አድርጋ ጭኗ ላይ አስቀመጠቻት።

«ልጄን ልትገዙኝ ነው የመጣችሁት?»

«ኧረ ስሙን ብቻ ነው።»

«ወላሂ ልጄን አልሸጥም! ገዝቻታለሁ፤ ምስክር አለኝ። እኚያ የደጋዋ ሴትዮ ይመስክሩ!»

መቀለዷን ይሁን ማምረሯን መለየት አቃተኝ። ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ስለ መጥረጊያው ነገርኳት። ስለ እህቴ መናገር ስጀምር ልጅቱን ከጭኗ አውርዳ፣ «ሂጂ፣ እንቁላል ካለ እይልኝ» ብላ አራቀቻት። እስክጨርስ ድረስ ብርቱካን መምረጧን አቆመች።

«የገዛችዎት ሴት ተቀይማ ነበር?»

«አላውቅም። አልጠየቅኋትም።»

«ለለቅሶው መጥታለች?»

«መጥታለች።»

«ምን አለችዎት?»

«አብሽሪ አለችኝ።»

«እንግዲያውስ አልተቀየመችም!» አለችና እጇን ዘረጋች። ማሽላውን ሰጠኋት። ለአፍታ እጇ ላይ አገላበጠችው፤ ከዚያ ለዶሮዎቿ በተነችው።

ደነገጥኩ። ተቀበለችው ማለት ነው ወይስ አልተቀበለችውም? እንዲህ ያለ ነገር በወጉ ውስጥ ሰምቼ አላውቅም። እሷ ግን እጇን አራግፋ መምረጧን ቀጠለች።

«ልጅቱ የእኔ ናት፤ ስሙም የእኔ ነው። እኔ ዘንድ ይቀመጣል፤ እዚህ ግቢ ስትገባ በእሱ እጠራታለሁ። ለትምህርት ቤቱ ደግሞ የፈለጋችሁትን በሏት። የዛሬ ልጆች የሚባባሉትን እኔ አላውቀውም፤ ሁሉም የመድኃኒት ስም ነው የሚመስለው። አብሽሩ፣ ኢንሻአላህ ምንም አትሆንም።»

ምንም አትሆንም ያለችውን ያዝኩ። ኢንሻአላህ ያለችውንም ያዝኩ።

አባቷ የመረጠላትን ስም በዚያው ቀን ቅጹ ላይ ጻፍኩት። እዚህ አልደግመውም፤ ደህና ስም ነው፣ በክፍሏ በዚያው ስም የሚጠሩ ሌሎችም አሉ። ጽሕፈቴ ግን እንደ ሌላው ጊዜ አላማረም።

ወደ ወልድያ አልተመለስኩም። ለጉልበቴ የመርሳ ሞቃት አየር ይሻለዋል አልኩ። እውነቱን ልጄም ታውቀዋለች። ጠዋት ጠዋት ልጅቱን ትምህርት ቤት በር ድረስ እሸኛለሁ፤ ስትመለስ ከመሳሜ በፊት ግንባሯን እዳስሳለሁ። ማታ አጎበሩን ፍራሿ ሥር አራቱንም ጎን እጠቀጥቃለሁ፤ ልጄ ጠቅጥቃው ብትሄድም ደግሜ እጠቀጥቀዋለሁ። መስከረም አለፈ። ጥቅምት ሲገባ፣ ስሙ ጎረቤታችን ዘንድ መቀመጡን የሰሙት የልጄ አማት በየሁለት ቀኑ ይደውላሉ። እኔን ብቻ ነው የሚፈልጉት።

«እንዴት አደረች?»

«ደህና ናት።»

«ግንባሯስ?»

«ቀዝቃዛ ነው።»

ሌላ ወሬ አንለዋወጥም። ሁለት አሮጊቶች ነን፤ እሳቸው ያልተማሩ እኔ የተማርኩ፤ ፍርሃታችን አንድ ነው።

በጥቅምት መጨረሻ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ግንባሯ ትኩስ ነበር። ደግሜ ዳሰስኩ። ትኩስ ነው። ቦርሳዋን እንኳ ከጀርባዋ ሳላወርድ ባጃጅ አስቁሜ እናቷ ወደምትሠራበት ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ልጄ እንዳየችን ጓንቷን አጠለቀች። ጣቷን ወጋቻት፣ ደሙን መስታወቱ ላይ ቀባችው፣ ይዛው ገባች።

እኛ አግዳሚው ላይ ቀረን። ልጅቱ ጭኔ ላይ ጋደም አለች፤ ዓይኗ ተከድኗል። እስትንፋሷ በቀሚሴ አልፎ ይሞቀኛል። እዚያ ምን ያህል እንደተቀመጥን አላውቅም። በዚያ ቅጽ ላይ የጻፍኩት ስም ይታየኝ ነበር፤ ፊደል በፊደል፣ በእኔ እጅ። ጎንበስ ብዬ ጆሮዋ ሥር፣

«ጥራጊ» አልኳት።

ዓይኗን ሳትገልጥ፣ «አቤት» አለችኝ።

ልጄ ወጣች። «የለም» አለች። «ሁለቴ አየሁት። ወባ የለም። ጉንፋን ነው።» ይህን ብላ አጠገቤ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች፤ ጓንቷን ማውለቅ ረስታው ነበር።

በአራተኛው ቀን ተነሥታ ትምህርት ቤት ሄደች። ኅዳር ገባ። በሌላ ሰው ፊት ባልናገረውም፣ ትንሽ ቀለል ብሎኝ ነበር።

በዚያ ሰሞን አንድ ከሰዓት እየሳቀች ገባች። ግንባሯን ዳሰስኩ፤ ደህና ነው።

«ምን ያስቅሻል?»

«እምዬ፣ ዛሬ አዲስ ልጅ መጣች። ከውርጌሳ ነው የመጣችው። ስሟን መምህራችን ስትጠራ ብትሰሚ!»

ስሙን ነገረችኝ። የዱሮ ስም ነው፤ እናት ልጅ ሲሞትባት የምታወጣው ዓይነት። ዛሬ ዛሬ የሚሰማ አይደለም።

«እና ምን ሆነ?»

«ሳቁባት።»

«አንቺስ?»

ጫማዋን ማውለቅ ጀመረች።

«አንቺስ?»

«ሁሉም ሲስቁ እኔም ሳቅኩ።»

ያ መጥረጊያ እንደገና ታየኝ። ወንበሬ ላይ ያስቀመጠውን እጅ እስከዚያ ቀን ድረስ አስቤው አላውቅም ነበር፤ የማን እጅ እንደሆነ፣ ቤቱ ገብቶ ለአያቱ ምን ብሎ እንደሚያወራ። ይህችን ልጅ ከሞት ልሰውር፣ ከሳቅ ልሰውር ብዬ ነበር የፈራሁላት። ሳቁ ከራሷ አፍ ይመጣል ብዬ አልጠበቅኩም። አልቆጣኋትም። አጠገቤ አስቀምጬ፣ «ነገ ከዚያች ልጅ ጎን ተቀመጪ» አልኳት።

«ለምን?»

ነገርኳት። ለልጅ በሚሆን መንገድ፣ እህቴን ትቼ። ማሽላውን ስነግራት ሳቀች፤ ነጠላቸውን የሚሰበስቡትን ልጆች ስነግራት ሳቋን አቆመች።

«አንቺም ጥራጊ ነበርሽ?»

«አዎ።»

«እንደ እኔ?»

«እንደ አንቺ።»

ትንሽ አሰበች። «የእኔ ስም እዚያ ማዶ አለ» ብላ በእጇ ወደ አጥሩ ጠቆመች። «ያንቺስ የት ሄደ?»

ይህን ጊዜ ከአጥር ማዶ ያ ድምፅ መጣ።

«ጥራጊ! ጥራጊ፣ ነይ ብርቱካን ውሰጂ!»

ልጅቱ «አቤት!» ብላ በባዶ እግሯ ሮጠች። እኔም ሳላውቀው ከወንበሬ ግማሽ ተነሥቼ ነበር።